ወደ ሳነቴ ከመውጣታችን በፊት፦ ስለ ጉዞ ዕቃ አመራረጥ



የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲዘጋ ጀመዓችን ወደ ባሌ ተራሮች የሚያደርገው የአራት ቀን ጉዞ ኢንሻአላህ ተቃርቧል። ምዝገባው ከተጀመረ ወዲህ በየመስጂዱ በርና በየካፌው የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምን እንግዛ?» አንዳንዱ የዶርም ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሊሄድ አስቧል። ሌላው ከቤት የተላከለትን ገንዘብ በሙሉ በአንድ ጫማ ላይ ሊያፈስ ነው። «የተራራ ዕቃ የለኝም» ብለው ስማቸውን ሳያስመዘግቡ የቀሩ እህትና ወንድሞች እንዳሉም ሰምተናል። ይህን ትምህርት ስናዘጋጅ ከሁሉም በላይ ያሰብነው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ነው፤ ምክንያቱም ለዚህ ጉዞ ከሚያስፈልገው ውስጥ አብዛኛው ወይ በእጃችን አለ፣ ወይ በጋራ ሊገኝ ይችላል። ሊዘለል የማይችለው ግን የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት እንበል፤ ከእሷ እስከ ሳነቴ ያለው ልዩነት ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ ቅዝቃዜ ይጨምራል። በጥር ሌሊት አዲስ አበባ 8 ዲግሪ ስትሆን እዚያ ላይ ከዜሮ በታች ነው። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ በጀሪካን ያደረ ውሃ ላይ ስስ በረዶ ይገኛል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ስለዚህ የምንዘጋጀው በአንድ ቀን ውስጥ ለሁለት ወቅት ነው።

ብርድ ሰውን የሚጎዳው አየሩ ስለቀዘቀዘ ብቻ አይደለም። የሰውነታችንን ሙቀት የሚወስዱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ነፋስ፣ እርጥበትና የተኛንበት መሬት። 5 ዲግሪ ላይ ደረቅ ልብስ ለብሶ ከነፋስ የተከለለ ሰው ደህና ያድራል፤ እዚያው 5 ዲግሪ ላይ ልብሱ የራሰና ነፋስ የሚመታው ሰው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ይደናቀፋል፣ «ተዉኝ ልቀመጥ» ይላል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ይህን ምልክት በጓደኛችሁ ላይ ስታዩ ጉዞው ይቁም፤ ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ በስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቡት፣ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን ማሸት አይገባም። እንግዲህ ዕቃ ስንመርጥ የምንጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል፤ ይህ ነገር ከነፋስ፣ ከእርጥበት ወይም ከመሬት ቅዝቃዜ ይከላከልልኛል ወይ?

ልብስ

ጥጥ ለከተማ ጥሩ ልብስ ነው። ላብንም ዝናብንም ግን ይጠጣና ይይዘዋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጂንስ ሱሪ ከሁሉም የከፋ ነው። ባለፈው ጉዞ ከእኛ ጋር ከወጡት ወንድሞች አንዱ ጅረት ሲሻገር ጂንሱ እስከ ጉልበቱ ራሰ፤ ከዙህር እስከ መግሪብ በፀሐይ ስንሄድ ውለን እንኳ አልደረቀም፣ ማታ ሱሪው እንደ ጣውላ ደርቆ ቆመ፤ የደረቀው ግን በውርጭ ነው። ያደረው የሌላ ሰው ሱሪ ተውሶ ነበር።

ስለ ጋቢ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ጋቢ ጥጥ ነው። ድንኳን ውስጥ በደረቁ ከስሊፒንግ ባግ ላይ ከተደረበ ያሞቃል፣ በዚህ አንከራከርም። ዝናብ ላይ ለብሶ መሄድ ግን ውሃ መሸከም ነው። የደጋ ሰው ይህን ድሮ ያውቃል፤ መንዝ ላይ ባናና በርኖስ የሚሠራው ከበግ ፀጉር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የበግ ፀጉር ርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል።

አለባበሱ በሦስት ድርብ ይሁን። ከቆዳ የሚነካው ላብ የሚያሳልፍና ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ልብስ ነው፤ የኳስ ማሊያ ፖሊስተር ስለሆነ በትክክል ይሠራል። ሁለተኛው የሚያሞቀው ነው፤ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ጃኬት። ሦስተኛው ነፋስና ዝናብ የሚከለክል የላይ ልብስ ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ከሚሆን ሦስት ቀጫጭን ይሻላል የምንለው ዳገት ስንወጣ አንዱን አውልቀን፣ ስናርፍ መልሰን እንድንለብስ ነው። በላብ የራሰ ሰው ሲቆም በዝናብ ከራሰ ሰው አይለይም።

እነዚህን ለማግኘት ወደ ትልልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር መሄድ ግድ አይደለም። ሰልቫጅ ተራ በአውሮፓ ክረምት የተለበሰ ጥሩ ጥሩ ሹራብና ጃኬት ሞልቷል። ስትመርጡ ውስጥ ያለውን የጨርቅ ምልክት አንብቡ፤ ኮተን ከሆነ ተዉት፣ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ከሆነ ያዙት። የላይ ጃኬት ስትገዙ ጨርቁን አፋችሁ ላይ አጥብቃችሁ ንፉበት። ትንፋሻችሁ በቀላሉ ወደ ሌላው ጎን ካለፈ የሳነቴ ነፋስም ያልፋል። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ ሻጩ ቢቆጣም። የራስ ሹራብ ኮፍያና ጓንት አትርሱ። ለእህቶች፦ ሰፊና ረጅም ቀሚስ ጫፉ ጭቃና ጤዛ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ከውስጥ የሚያሞቅ ሱሪ ተለብሶ ከላይ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቆም፣ ከፖሊስተር የተሠራ ሰፊ ልብስ ይሻላል። የዝናብ ልብስም ፖንቾ የሚባለው ሰፊው ዓይነት ሒጃቡንም ቦርሳውንም አንድ ላይ ይሸፍናል። ለመኝታ የሚሆን አንድ ደረቅ ሒጃብ ለብቻው በላስቲክ ይታሰር።

ጫማ፣ ውዱእና ማበስ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም የተራራ ጫማ ምርጫና የፊቅህ ትምህርታችን አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ለተራራ የሚመከረው ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ሲታጠፍ በጣት ሥር እንጂ በመሐል የማይሰበር ነው። ቁርጭምጭሚት መሸፈኑ በድንጋይ ላይ እግር እንዳይጠመዘዝ ይረዳል። በኹፍ ላይ ማበስን ያስተማሩን ዑለማዎችም ኹፉ ቁርጭምጭሚትን ጨምሮ መታጠብ ያለበትን የእግር ክፍል መሸፈኑን ቅድመ ሁኔታ አድርገዋል። ስለዚህ አጭር ስኒከር ያደረገ ወንድም በየሶላቱ ጫማና ካልሲ አውልቆ በበረዶ ውሃ እግሩን ሊታጠብ ነው። ከፍ ያለውን ጫማ ውዱእ ላይ ሆኖ ያጠለቀ ግን፣ ሙሳፊር እስከሆነ ድረስ ለሦስት ቀንና ሌሊት ከላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ተፈቅዶለታል። ነዋሪ ለሆነ ሰው ጊዜው አንድ ቀንና ሌሊት ነው። ጀናባ ከሆነ ማበሱ አይበቃም፤ ይወልቃል።

አሁን ጥያቄ ይነሳል፦ ማታ ስንተኛ ጫማ እናወልቅ የለም ወይ? እናወልቃለን። ካበሱ በኋላ ጫማ የወለቀ እንደሆነ ብዙኃኑ ዑለማ ቢያንስ እግርን መታጠብ ግድ ይሆናል ይላሉ። ስለዚህ የምንመክረው አሠራር ይህ ነው። ለሱብሂ ሁላችንም በለብ ያለ ውሃ ሙሉ ውዱእ እናደርጋለን። እግራችንን በፎጣ በደንብ አድርቀን ደረቅ የሱፍ ካልሲ፣ ከዚያ ጫማውን እናጠልቃለን። ከዚያ በኋላ ዙህርና ዐስርን፣ ከዚያም መግሪብና ኢሻን እየጠበቅን ቀኑን ሙሉ በጫማው ላይ በማበስ እንውላለን፤ ጫማው የሚወልቀው ከኢሻ በኋላ ለመኝታ ነው። በጫማ መስገድ ከሱና የመጣ ነው፤ ሶሉን ግን አይታችሁ አጽዱ፣ የፈረስ መንገድ ላይ ነንና። በካልሲ ላይ ብቻ ስለማበስ፣ ስለ ካልሲው ውፍረትና ስለ ጊዜው አቆጣጠር በመዝሀቦች መካከል ያለውን ዝርዝር ከጉዞው በፊት ኡስታዛችንን ጠይቁ። ጥያቄው ግቢ ውስጥ ሳለን ይነሳ፣ ውርጭ ላይ ቆመን አንከራከር።

ለብ ያለው ውሃ ከየት ይመጣል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ይህም ሁለት ሦስተኛ ሊትር ገደማ ነው። ሃያ ሰው ብንሆን 13 ሊትር ይበቃናል። 13 ሊትር በሙሉ ማፍላት አያስፈልግም፤ 5 ሊትር አፍልቶ ከ8 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቀል ገላን የማያስደነግጥ ውሃ ይሆናል። ይህን የምንዘረዝረው ነዳጅ የሚሸከመው ፈረስ ስለሆነና ሊትሩ ስለሚቆጠር ነው። ቧንቧ ከፍቶ ውዱእ ማድረግ ለለመደ ሰው ከዶርም ጀምሮ በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ መለማመድ ጥሩ ነው።

ውሃው ከታመመ ሰው ጋር የማይሄድ ወይም ማሞቂያ የጠፋ ከሆነስ? ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርዳማ ሌሊት ጀናባ ሆነው፣ በውሃ ቢታጠቡ እንዳይሞቱ ፈርተው በተየሙም ባልደረቦቻቸውን አሰግደዋል። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገር ምክንያታቸውን ሰምተው ፈገግ አሉ እንጂ አልገሰጿቸውም። ተየሙም ግን ማሞቂያ እያለ ለስንፍና የሚኬድበት መንገድ አይደለም። ለዚህም ነው ምድጃውን ከዲን ዕቃችን ጋር የምንቆጥረው።

ወደ ጫማው እንመለስ። አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግስቱ ተራራ መውጣት እግርን ውሃ ያስቋጥራል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ወደ ክፍልና ወደ ላይብረሪ በእሱ ተመላለሱ። ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ እግር ከዋለ ያብጣልና፤ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ፤ ቁልቁለት ስትወርዱ ጣታችሁ ከፊት እንዳይጋጭ የጣት ያህል ክፍተት ይኑረው። የወታደር ቡትስ ያላችሁ፣ ከተላመዳችሁት፣ ሌላ አትግዙ። ሶሉ መላቀቅ የጀመረ ካለ ወደ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ዙሪያውን ማሰፋት ከአዲስ ጫማ እጅግ ይረክሳል።

መኝታ

ሰው ከሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለ ስሊፒንግ ባግ ሁሉም ይጨነቃል፣ ከሥር ስለሚነጠፈው ማንም አይጠይቅም። የተኛንበት ልብስ ወይም ላባ በክብደታችን ሲደፈጠጥ በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ አየሩ ከወጣ ሙቀት አይይዝም። ስለዚህ ወደ መሬት የሚሄደውን ሙቀት የሚያቆመው ምንጣፉ ብቻ ነው። የሚበጀው ጠጣር ፎም የሚባለው፣ ለስፖርት የሚነጠፈው ዓይነት ነው፤ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይመጥም። ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ግን ውሃ ይመጣል፣ ከሥራችሁም ይደፈጠጣል። አንድ ስስ ፎም ለዲንሾ ይበቃ ይሆናል፤ ለሳነቴ ሁለቱን ደራርቡ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ መጀመሪያ ምንጣፍ ግዙ፤ ብርድ ልብስ ከዶርም ይገኛል።

ስሊፒንግ ባግ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ISO 23537 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት «ኮምፈርት» የሚለው አንዲት ሴት ዘና ብላ ልትተኛ የምትችልበት የሙቀት መጠን ነው፤ «ሊሚት» አንድ ወንድ ተኮራምቶ የሚያድርበት ነው፤ «ኤክስትሪም» የሚለው ደግሞ ሰው ለጥቂት ሰዓት በሕይወት ሊቆይ ይችላል ከማለት በቀር የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም። ሻጮች በትልቁ አጉልተው የሚያሳዩአችሁ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ የመጨረሻውን ነው። «እስከ ማይነስ 15» ሲባል የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለእኛ ጉዞ ኮምፈርቱ ከዜሮ ጥቂት ወረድ ያለ ያስፈልጋል። ያን ካላገኛችሁ ስስ የሆነ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ የሱፍ ብርድ ልብስ ጨምሩ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ያላችሁ አምጡት። ክብደቱን ፈረስ ይሸከመዋል።

ላባ የተሞላው ስሊፒንግ ባግ ቀላልና ሞቃት ነው፣ ከረጠበ ግን ተጣብቆ ዋጋ ያጣል። ፖሊስተር የተሞላው ይከብዳል፣ ይረክሳል፣ ቢረጥብም ጨርሶ አይከዳም። ለተማሪ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ከመተኛታችሁ በፊት ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ጠዋት ለውዱእ የሚሆን ያልቀዘቀዘ ውሃም ይሆናችኋል።

ድንኳን

ድንኳን ለብቻ አይገዛ። ሦስት አራት ሰው አንድ ይበቃዋል። ሁለት ድርብ ያለው፣ ማለት ውስጡ አየር የሚያሳልፍ ላዩ ዝናብ የሚከለክል ይሁን፤ አንድ ድርብ ብቻ ያለው ድንኳን ሌሊት ትንፋሻችን ግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የላዩ ሸራ ውሃ የመቋቋም አቅም በሚሊሜትር ይጻፋል፤ 2,000 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ካስማ ብዙ ጊዜ ቀጭንና የሚታጠፍ ስለሆነ በብረት ሠሪ ጥቂት ጠንካራ ካስማ ማሠራት ይቻላል፤ ምን አለሽ ተራ የዚህ ዓይነት ሥራ ቦታው ነው። ግቢ ውስጥ ሣር ላይ ሳትተክሉት አትሂዱ። ሰባት ካስማ ይዞ የስምንት ካስማ ድንኳን በጨለማና በነፋስ ከመትከል ያድናችኋል።

ስለ ከሰል ግን ጮክ ብለን እንናገር፦ ምንም ያህል ቢበርድ የከሰል ምድጃ ወይም የሚነድ ነገር ወደ ድንኳን አይግባ! የከሰል ጭስ የማይሸት መርዝ አለው። በዝግ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎችን ወሬ በየክረምቱ የምንሰማው ነው፤ ድንኳን ደግሞ ከክፍል ይጠባል። ድንኳን ውስጥ ምግብ ማብሰልም አይቻልም።

ምድጃና ምግብ

በፓርኩ ውስጥ አስታም ጥድም አይቆረጥም፤ ባሌ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ቦታ ነው። አስታ አንዴ ሲቃጠል ለመመለስ ዘመናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ነዳጃችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ወይም የላምባ ምድጃ። በ4,000 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይፈላል እንጂ ያን ያህል አይሞቅም፤ ባቄላና ሽምብራ ቀን ሙሉ ቢጣዱም አይበስሉላችሁም። የማያስፈልጉትን እህሎች ትተን ቶሎ የሚደርሰውን እንያዝ፦ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ተምር። የባሌና የአርሲ እህትና ወንድሞቻችን ጭኮ ቢያመጡ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ ማብሰል አይፈልግም፣ ትንሽ ተበልቶ ብዙ ያስኬዳል። (ባለፈው ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን አላለፈም፤ ዘንድሮ በአሚሩ እጅ ይቀመጥ።)

የጅረት ውሃ ጥርት ቢልም ከብትና አውሬ የሚጠጣው ነው። ይፈላ፣ ወይም ውሃ አጋር ይጨመርበትና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጊዜ ይጠበቅ። ምግብ ተርፎ መሬት ላይ እንዳይጣል፤ ውሻ ይጠራል፣ የውሻ በሽታ ደግሞ ቀይ ቀበሮን ፈጅቷል፤ ከቀይ ቀበሮ ውስጥ አብዛኛው በዓለም ላይ የቀረው እዚሁ ባሌ ነው።

የቀረው ትንሽ ትንሽ ነው

ቦርሳ ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ ያለው ይሁን፤ ክብደቱ ትከሻ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ ይረፍ። ከባዱ ዕቃ በፈረስ ስለሚሄድ የእጅ ቦርሳችሁ ውስጥ የሚኖረው የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ውሃ፣ ምግብና የራስ ባትሪ ብቻ ነው። ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ፍለጋ ገንዘብ አታባክኑ። ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ አድርጋችሁ አፉን ማሰር በቂ ነው፤ ለፈረስ የሚጫነው ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ይግባ። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር።

ስልክ ሲጠፋ ቂብላ ይጠፋናል ብላችሁ እንዳትጨነቁ። ዲንሾና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር፣ 39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ከባሌ ተራሮች ቂብላ ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ርካሽ ኮምፓስ ይበቃል። ኮምፓስም ባይኖር፣ በጥር ወር ፀሐይ ከእኛ በስተ ደቡብ ስለምትሆን እኩለ ቀን ላይ ዙህር ሲገባ ጥላችሁ ወደ ቂብላ ይወድቃል። ለመስገጃ የሚሆን አንድ ትልቅ ሸራ ጀመዓው ይይዛል፤ የከፈይ መስገጃችሁን እቤት ተዉት፣ ጤዛ ይጠጣል።

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ዕቃ አይረዳም። የመጀመሪያዋን ሌሊት ዲንሾ የምናድረው ለዚህ ነው። ራሱን ያመመው ሰው ደብቆ ወደ ላይ አይውጣ፤ ለአሚሩ ይንገር። ካልተሻለው መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ከእሱም ጋር ሰው ይወርዳል።

ስለ ገንዘቡ

የዕቃ ነገር ሰውን ከሰው እንዳይለይ የጀመዓው የጉዞ ክፍል ይህን አስቧል። ስሊፒንግ ባግ ወይም ጥሩ ጃኬት ኖሯችሁ ዘንድሮ የማትሄዱ፣ ለአንድ ሳምንት ብታውሱ ስማችሁን ለጉዞ ክፍሉ ስጡ። የተውሶ ዕቃ ዓሪያ ነው፤ ተዋሹ ሲበላሽበት እንደሚተካ አውቆ ይውሰድ፣ በተለይ በሻፊዒ መዝሀብ ኃላፊነቱ ከባድ ነው። ዕቃው ሲወጣና ሲመለስ በመዝገብ ይጻፋል፤ ዚፑ፣ ቀዳዳው፣ የካስማው ቁጥር ሳይቀር። ድንኳንና ምድጃ የሚገዛው ከየሰው በሚዋጣው ሲሆን ከጉዞው በኋላ የጀመዓው ንብረት ሆኖ ይቀመጣል። ማዋጣት ያልቻለ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአሚሩ ወይም ለእህቶች ተጠሪ፣ ይንገር፤ ስም ዝርዝር አይለጠፍም።

ከመውጫችን በፊት ባለው ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁላችንም ቦርሳችንን ይዘን መስጂዱ ጀርባ ባለው ሣር ላይ እንገናኛለን፤ እህቶች በእነሱ በኩል በተጠሪያቸው ዘንድ። ድንኳኖቹ ይተከላሉ፣ ምድጃው ይለኮሳል፣ የእያንዳንዱ ሰው ምንጣፍ፣ ካልሲና የዝናብ ልብስ ይታያል። ጫማችሁን አድርጋችሁ ኑ፣ በእጅ ይዛችሁ አይደለም። የጎደለ ካለ ለመሙላት ዓርብና ቅዳሜ ይቀሩናል።